የእንዶድ ፍሬና የደኅንነት ማስረጃ፦ የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ሕይወት ለአዳዲስ ቁሶች ንድፍ የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ሐረጋማ ቁጥቋጦ ነው። በትግርኛ ሽብቲ ይባላል። በባሌ ደጋማ ምድር፣ ከሮቤና ከጎባ ጀምሮ በሪራ በኩል ወደ ሐረና ደን እስከሚወርደው አገር፣ አንዶዴ በሚለው የኦሮምኛ ስሙ ይታወቃል። ሳይንሳዊ ስሙ ፋይቶላካ ዶዴካንድራ ነው። ሳሙና በየገበያው ከመሸጡ በፊት እናቶች የእንዶድን ፍሬ አድርቀው፣ ፈጭተውና በውኃ በጥብጠው ልብስ ያጥቡበት ነበር። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ሲታጠብ የሚያወጣው ንጣት እስከ ዛሬ ይወደሳል።

በአሁኑ ዘመን እንዲህ ያሉ ተክሎች ወደ ኬሚስትሪና ወደ ቁስ ሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ገብተዋል። ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለኩ የብርና የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን በተክል ጭማቂ አማካይነት ማዘጋጀት አረንጓዴ ሲንተሲስ የሚል ስም አግኝቶ በብዙ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ላይ ይታያል። ከዚህ ስም ጋር አንድ ያልተመረመረ ግምት አብሮ ይጓዛል። ይኸውም ምንጩ ተክል የሆነ ነገር ሁሉ ለሰውም ለአካባቢም ደኅና ነው የሚለው ነው።

ይህን ግምት በተግባር የፈተነ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ቢኖር ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው። የእንዶድን ኃይል ለማወቅ ጥቂት ቀናት በቅተዋቸዋል፤ ደኅንነቱን በዓለም ፊት ለማስመስከር ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዶባቸዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከየት እንደ መጣ መረዳት ዛሬ ደኅንነቱ የተጠበቀና ዘላቂ ቁስ ለመንደፍ ለሚነሣ ተመራማሪ ሁሉ ይጠቅማል።

የመጀመሪያ ዓመታት

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 በጅግጅጋ ተወለዱ። የከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው፣ በጥገኛ ተሕዋስያን ሳይንስ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ያገኙት ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በቀድሞው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም ነበር።

በዚያን ጊዜ አገሪቱ በጥገኛ ተሕዋስያን ላይ የሚመራመር የራሷ ተቋም አልነበራትም። ናሙናው ከኢትዮጵያ ይሰበሰባል፤ ትንታኔው ግን በአብዛኛው በሌላ አገር ይከናወናል። ወጣቱ ምሁር ይህን ልማድ ለመለወጥ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ተቋሙ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ተሰይሞ ይገኛል። ከቢልሃርዝያ ሌላ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የሚታየውን የቆዳ ሌይሽማንያሲስ ሥርጭት ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1969 አሳትመዋል። ተማሪዎቻቸው ቤተ ሙከራንና መስክን አጣምረው እንዲሠሩ ማድረግ የተቋሙ ልማድ ሆነ።

የዓድዋው ምልከታ

ቢልሃርዝያ በውኃ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የበሽታው ትል በሰው የአንጀት ዙሪያ ደም ሥሮች ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው እጭ ግን በቀጥታ ሰውን ሊይዝ አይችልም። በመጀመሪያ በአንድ የውኃ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ገብቶ መባዛት አለበት። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ሁለተኛው እጭ ነው ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚታጠበውንና የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ የሚገባው። ስለዚህ የበሽታውን ሰንሰለት ለመበጠስ ከሚያስችሉት ቦታዎች አንዱ ቀንድ አውጣው ነው። በጊዜው የነበሩት መድኃኒቶች ለሕሙማኑ ራሳቸው ከባድ ስለነበሩ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ትልቅ ተስፋ የሚጣልበት ዘዴ ነበር።

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 የቀንድ አውጣዎቹን ሥርጭት ለማጥናት ወደ ዓድዋ ሄዱ። በከተማይቱ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ተገኙ። ተመራማሪው ይህን ልዩነት እንደ ድንገተኛ ነገር አላለፉትም። ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ተቀብለው ሕያው ቀንድ አውጣዎች በነበሩበት ዕቃ ውስጥ ጨመሩት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ በተለያየ መጠን የተደረጉ ሙከራዎች ውጤቱን አረጋገጡ። የመጀመሪያው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ወጣ፤ የቤተ ሙከራውና የመስኩ ግምገማ በዝርዝር የቀረበው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ላይ ነው።

በዚህ ግኝት ውስጥ የሁለት ዓይነት ዕውቀት መጋጠም ይታያል። የእንዶድን አዘገጃጀት፣ መጠኑንና አረፋው የሚወጣበትን መንገድ የሚያውቁት አጣቢዎቹ ነበሩ። የቀንድ አውጣውን የሕይወት ዑደትና የበሽታውን መተላለፊያ የሚያውቁት ተመራማሪው ነበሩ። አንደኛው ያለ ሌላኛው ግኝቱን አያስገኝም ነበር።

ከፍሬ ወደ ሞለኪውል

አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከኬሚስቶች ጋር በመሥራት ገዳዩ ንጥረ ነገር ምን እንደ ሆነ መረመሩ። ንጥረ ነገሩ ትራይተርፔኖይድ ሳፖኒን ከሚባለው ወገን ሆኖ ተገኘ፤ ከሳፖኒኖቹም አንዱ በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ።

ሳፖኒን ሁለት ጠባይ ያለው ሞለኪውል ነው። አንደኛው ጫፉ ከስኳር የተሠራ ስለሆነ ውኃን ይወዳል፤ ሌላው ጫፉ ውኃን ይሸሻል፣ ወደ ቅባትም ይሳባል። በውኃ ውስጥ ብዛቱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ተሰባስበው ጥቂት ናኖሜትር የሚሆኑ ኳስ መሰል ስብስቦች ይሠራሉ። እድፍን ከልብስ የሚያላቅቀው ይህ ጠባይ ነው። የሕዋስ ሽፋንን የሚጎዳውም ይኸው ጠባይ ነው። ሳፖኒን በሽፋኑ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ጋር ተጣብቆ ሽፋኑን ያሳሳል፣ ይበሳል። ስለዚህ የሚጠቅመውና የሚጎዳው ከአንድ ምንጭ የሚወጡ ናቸው፤ አንዱን ጠብቆ ሌላውን ማስወገድ ቀላል አይደለም። ይህ ችግር በቅንጣት መጠን፣ በገጽ ስፋትና በገጽ ኬሚስትሪ ላይ ለሚሠራ የናኖ ቁስ ተመራማሪ እንግዳ አይሆንበትም። ባክቴሪያን የሚገድለው የብር ናኖ ቅንጣት ወደ ወንዝ ሲገባ የሚለቀው የብር አዮን ለውኃ ሕይወት ጎጂ የሚሆነው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

ከኬሚስትሪው ጥናት የተገኘው ሌላው ቁም ነገር የአዘገጃጀቱን ጥበብ የሚገልጥ ነው። ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች በሁለት ወገን የስኳር ሰንሰለት ስላላቸው በቀንድ አውጣ ላይ ያላቸው ኃይል ደካማ ነው። ፍሬው ተፈጭቶ በውኃ ሲበጠበጥ የራሱ ኢንዛይሞች አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጡታል፤ ኃይለኛው ቅርጽ የሚገኘውም ያን ጊዜ ነው። ኢንዛይሙን የሚያከሽፍ የአልኮል ማውጫ ወይም ሙቀት ከተጠቀሙ የሚገኘው ደካማው ቅርጽ ነው። ይህም እናቶች በቀዝቃዛ ውኃ የሚበጠብጡት የእንዶድ ዱቄት ለሥራው ተገቢውን መንገድ የተከተለ እንደ ነበር ያሳያል። ከአንድ ተክል የሚወጣው ቁስ እንደ አወጣጡ የሚለያይ ከሆነ፣ የተክሉን ስም ብቻ ጠቅሶ ስለ ውጤቱ ደኅንነት መናገር አይቻልም ማለት ነው።

የተክሉም ምርጫ ራሱን የቻለ ሥራ ጠየቀ። እንዶድ ወንዱና ሴቱ በየተለያየ ተክል ላይ የሚገኝ ነው፤ ፍሬ የሚሰጠው ሴቱ ብቻ ነው። ኃይሉም ከአካባቢ አካባቢ፣ ከዘር ዘር ይለያያል። የእርሻና የዕፀዋት ተመራማሪው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ ዓይነቶችን ለዓመታት አብቅለውና አነጻጽረው፣ በምርቱም በኃይሉም የላቀውን ዓይነት 44 መረጡ። በዚህ ምርጫ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጠባይ ያለው ምርት ማግኘት ተቻለ። ያለ እርሱ የሚቀጥለው የደኅንነት ምርመራ ትርጉም አይኖረውም ነበር፤ ከናሙና ናሙና የሚለዋወጥ ነገር መርምሮ ማጽደቅ አይቻልምና።

የአምስት ዓመቱ የመስክ ሙከራ

አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ሰፊ የመስክ ሙከራ አካሄዱ። እንዶዱ ከአካባቢው ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶ በየጊዜው ወደ ወንዞቹ ይጨመር ነበር። በሕዝቡ ዘንድ የነበረው የቢልሃርዝያ ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። በሕፃናት ዘንድ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ምክንያት አለው። ትሉ በሰው ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር በአዋቂዎች ላይ የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው የቀድሞውን መያዝ ያሳያል። አዲስ መተላለፍ መኖር አለመኖሩን የሚናገሩት ከሙከራው ጋር አብረው ያደጉት ሕፃናት ናቸው። በእነርሱ ላይ የታየው ለውጥ ወንዙ ይበልጥ ንጹሕ መሆኑን መሰከረ።

አክሊሉ ከቁጥሩ ባሻገር የሚያስቡት የሥራ ሥርዓት ነበር። በጊዜው ለቀንድ አውጣ መግደያ የሚያገለግለው ዋነኛው ሰው ሠራሽ ኬሚካል ኒክሎሳማይድ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ በመሆኑ ለድሃ አገሮች ውድ ነበር። እንዶድ ግን በአጥርና በማሳ ዳር ሊተከል፣ በአካባቢው ሰው ሊለቀምና ሊፈጭ ይችላል። በበሽታው የሚጠቃው ኅብረተሰብ መከላከያውን ራሱ የሚያመርትበት፣ ከዚያም ገቢ የሚያገኝበት ሥርዓት መዘርጋት ምኞታቸው ነበር። ዘላቂነት ማለት ለእርሳቸው ከአካባቢ ጥበቃ ጋር የአምራቹን አቅምና የተጠቃሚውን ኪስ አብሮ የሚመለከት ሐሳብ ነበር።

የማስረጃው ጥያቄ

የዓድዋው ውጤት ከታወቀ በኋላ እንዶድ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች በፍጥነት ይሠራበታል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን ዓለም አቀፍ ተቋማትና ለጋሾች አንድ ጥያቄ አቀረቡ፤ የንጥረ ነገሩ መርዛማነት በታወቀ ሥርዓት ተመርምሯል ወይ የሚል ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ለብዙ ትውልድ በእጃቸው ሲጠቀሙበት መኖራቸው ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ወንዝ ውስጥ ለሚጨመር፣ ዓሣና ከብት ለሚያገኘው፣ ሰው ለሚጠጣው ውኃ የሚበቃ ማስረጃ አይደለም። በዚህ ረገድ ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ችግሩ የጥያቄው መመዘኛ በየጊዜው መለወጡ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራዎች የሚታወቀው የመልካም ቤተ ሙከራ አሠራር ደንብ በአሜሪካ የጸናው በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በኩል ዓለም አቀፍ መልክ የያዘው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚያ በፊት የተደረጉ የእንዶድ ምርመራዎች ደንቡ በሚጠይቀው መልክ የተመዘገቡ ሊሆኑ አይችሉም ነበርና እንደገና መሠራት ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚሠራ ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ ዋጋውም በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር በጀት የሚቻል አልነበረም። በፓተንት የሚጠበቅ ምርት ያለው ኩባንያ የምርመራውን ወጪ ከሽያጩ ያወጣዋል። ማንም ገበሬ በአጥሩ ሥር የሚተክለውን ፍሬ ግን ለማስመርመር ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ አይገኝም።

በዚህ መካከል በኢትዮጵያ አብዮት ሆነ። አክሊሉ ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ አገለገሉ፤ በኋላም በጣሊያን ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠርተዋል። የእንዶድን ጉዳይ ግን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1983 በሉሳካ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በስዋዚላንድ ምባባኔ የተካሄዱት ዓለም አቀፍ የሳይንስ ጉባኤዎች ሥራው የአንድ ሰው ወይም የአንድ አገር ብቻ እንዳይሆን አደረጉ። ከስዋዚላንድ ታዋቂዋ የኬሚስትሪ ምሁር ሊዲያ ማኩቡ በዚህ ጥረት ጎልተው ከተሳተፉት አንዷ ነበሩ። የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል የገንዘብ ድጋፍ ሰጠ፤ ዓይነት 44ም በተገቢው ደንብ ተመረመረ።

የምርመራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1991 ታተመ። እንዶድ የዘር ለውጥ የማስከተል ጠባይ አልታየበትም፤ ለአጥቢ እንስሳትም ያለው አደጋ በአጠቃቀሙ መጠን ከፍተኛ ሆኖ አልተገኘም። በውኃ ውስጥ በቀናት ጊዜ እየፈረሰ ኃይሉን ያጣል፤ በአካባቢ ተከማችቶ አይቀርም። በሌላ በኩል ዓይንን ክፉኛ ይቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ፍሬውን የሚፈጭና ዱቄቱን የሚረጭ ሠራተኛ መከላከያ ያስፈልገዋል። ለዓሣም መርዛማ ነው። ይህም ዓሣ በሚበዛበት ውኃ ላይ አጠቃቀሙን ይወስናል። እንዲህ ያለው ውጤት ወዳጆቹ የሚያወድሱትን ያህል ፍጹም፣ ተጠራጣሪዎቹም የፈሩትን ያህል አደገኛ አለመሆኑን አሳየ። ከሁሉ በላይ ግን የት፣ በምን መጠን፣ በማን እጅና በምን ጥንቃቄ ሊሠራበት እንደሚችል ለማወቅ አስቻለ።

ማስረጃው ሲሟላ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። ፕራዚኳንቴል የተባለው አንድ ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ተገኝቶ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ጉባኤ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትኩረቱን ቀንድ አውጣን ከመቆጣጠር ወደ ሕሙማን ሕክምና አዞረ። ሕክምናው ብዙ ሕይወት አተረፈ፤ ነገር ግን የታከመው ልጅ ወደዚያው ወንዝ ሲመለስ እንደገና መያዙ አልቀረም። በኋለኞቹ ዓመታት ድርጅቱ በሽታውን ለማጥፋት ሲያቅድ የቀንድ አውጣ ቁጥጥርን እንደገና ወደ መድረክ አመጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2017ም የመስክ አጠቃቀም መመሪያ አወጣ። በዚያን ጊዜ ዝግጁ ሆኖ የተገኘው መግደያ ግን ከቀድሞው ኒክሎሳማይድ ሌላ አልነበረም።

የባለቤትነት ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1989 አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በተከታዩ ዓመት በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለአክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዚያ አጋጣሚ አዲስ አገልግሎት ተገኘ። የሰሜን አሜሪካን ታላላቅ ሐይቆች የወረረውና የውኃና የኃይል ማመንጫ ተቋማትን ቧንቧ የሚደፍነው የዜብራ ሙሰል የቀንድ አውጣ ዘመድ ነውና እንዶድ ሊገድለው እንደሚችል ታወቀ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ዩኒቨርሲቲው ለዚህ አጠቃቀም በአሜሪካ ፓተንት አገኘ።

ፓተንቱ ክርክር አስነሣ። ኢትዮጵያውያን ለትውልዶች ካዳበሩት ዕውቀት፣ በኢትዮጵያ ከተመረጠው ተክልና በኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ከተገኘው ጥቅም የሚመነጨው መብት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በዓለም ዙሪያ ስለ ዘረመል ሀብት በሚደረገው ውይይት ውስጥ እንደ ምሳሌ ይነሣ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት ለአገሮች በዘረመል ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት አወቀ። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2006 የዘረመል ሀብትን ስለማግኘትና ስለ ማኅበረሰብ ዕውቀት መብት የሚደነግግ አዋጅ ቁጥር 482 አወጣች። አክሊሉ ይህን አዋጅ ለማየት አልታደሉም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 5 ቀን 1997 በ61 ዓመታቸው በአሜሪካ ዐረፉ።

ለናኖ ቁስ ንድፍ የሚሰጠው ትምህርት

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ኬሚካሎችና ቁሶች ገና ሲነደፉ ደኅንነታቸውና ዘላቂነታቸው እንዲታሰብ የሚያደርግ ማዕቀፍ አወጣ። ማዕቀፉ በቅደም ተከተል የሚነሡ ጥያቄዎችን ይዟል። ቁሱ በራሱ ምን አደጋ አለው? የሚያመርተው ሠራተኛ ለምን ይጋለጣል? በጥቅም ላይ ሲውል ሰውንና አካባቢን እንዴት ያገኛል? ከጥሬ ዕቃው እስከ ቆሻሻው ያለው የሕይወት ዑደቱ በአካባቢ ላይ ምን ያስከትላል? ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ገጽታውስ ምንድን ነው? የተራቀቁ የናኖ ቁሶች ማዕቀፉ ከሚመለከታቸው መካከል ናቸው።

እነዚህ ጥያቄዎች በእንዶድ ታሪክ ውስጥ አንድ በአንድ ይገኛሉ። የሳፖኒኑ ጠባይ የመጀመሪያው ነው። የፈጪዋ ዓይን ሁለተኛው፣ የወንዙ ዓሣ ሦስተኛው ነው። በውኃ ውስጥ መፍረሱና በአጥር ዳር መብቀሉ አራተኛውን ይመልሳሉ። ዋጋውና ባለቤትነቱ አምስተኛው ናቸው። ልዩነቱ የጥያቄዎቹ አመጣጥ ላይ ነው። በእንዶድ ጉዳይ እያንዳንዱ ጥያቄ የተነሣው ያለፈው ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ነበር። ኃይሉ በ1964 ታወቀ፤ ኬሚስትሪው በ1970ዎቹ፣ ደኅንነቱ በ1991፣ ባለቤትነቱ ደግሞ ፓተንቱ በሌላ አገር ከተመዘገበ በኋላ አነጋገረ። በየመካከሉ የጠፋው ጊዜ የዓድዋን ዓይነት ውጤት በሌሎች ወንዞች ላይ የመድገም ዕድልን ወሰደ።

ከዚህ በመነሣት በአገር ውስጥ በተክል ጭማቂ የሚዘጋጅ የናኖ ቁስ ጥናት ሊመለከታቸው የሚገቡ ሦስት ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የተክሉ ዓይነት፣ የተሰበሰበበት ቦታና ወቅት፣ የማውጫው ፈሳሽና ሙቀት በትክክል ካልተመዘገቡ የተገኘው ቅንጣት ደግሞ ሊሠራ አይችልም፤ ደግሞ ሊሠራ የማይችል ቁስ ደግሞ ሊመረመር አይችልም። የባሌ እንዶድና የዓድዋ እንዶድ አንድ ዓይነት ናቸው ብሎ መገመት ዓይነት 44ን ለመምረጥ የወሰደውን ድካም መርሳት ነው። ሁለተኛ፣ ባክቴሪያን ስለ መግደሉ የሚቀርብ መረጃ በዓሣ፣ በአልጌና በሠራተኛው ሳንባ ላይ ስለሚኖረው ውጤት ከሚቀርብ መረጃ ጋር አብሮ መጀመር አለበት። ሦስተኛ፣ ከማኅበረሰብ የተወሰደ ዕውቀት ካለ የመብቱ ጉዳይ ከኅትመቱ በፊት በሕጉ መሠረት መታየት ይገባዋል።

ማጠቃለያ

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በብዙዎች ዘንድ የሚታወሱት እንደ እንዶድ ግኝት ባለቤት ነው። ነገር ግን ከሕይወታቸው የሚበልጠውን ክፍል የወሰደው ግኝቱን ተከትሎ የመጣው የማስረጃ ትግል ነበር። ግኝቱ ንቁ ዓይንና አንድ ዕቃ ውኃ ጠየቀ። ማስረጃው ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራ፣ የተረጋጋ በጀት፣ በደንብ የሠለጠኑ የመርዛማነት ተመራማሪዎችና ትዕግሥት ጠየቀ፤ በዚያን ጊዜ ከነዚህ ውስጥ በአገር ቤት የተሟላው የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ፣ በሮቤ የሚገኘውን የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ፣ በብዙ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዙሪያቸው ያለው የዕፀዋት ሀብት ለአዳዲስ ቁሶች ምንጭ መሆኑ አያጠራጥርም። የአዲስ ቁስ መፍጠሪያ ቤተ ሙከራና የደኅንነት መመርመሪያ ቤተ ሙከራ እኩል ካልተገነቡ ግን የሚፈጠረው ቁስ ዕጣ በሌሎች መመዘኛና በሌሎች የጊዜ ሰሌዳ መወሰኑ አይቀርም። በኢንስቲትዩቱ ምሥረታ አክሊሉ የጀመሩት ሥራ ናሙናና ትንታኔ በአንድ አገር እንዲገናኙ ማድረግ ነበር። በናኖ ቁሶች ዘርፍ ይህ ሥራ ገና ይቀራል፤ ደኅንነትን በራስ አቅም መርምሮ ማሳየት የሚችል ተቋም ሲገነባ ነው የሚሟላው።